የተጣመመው መነጽር

«እጅህን አንሳ! ሞርሳው ንቅንቅ ካለ ሁሉንም ከሀ ልንጀምር ነው።»

ድዋይት እንደተቆጡት ልጅ እጁን ከጠመንጃው ሰደፍ ላይ ቶሎ አነሳ። እህቱ ማርላ የሞርሳውን መንጋጋ በአሮጌ ፎጣ ጠቅልላ ጠመንጃውን አጥብቃ አስራዋለች፤ አሁን ጎንበስ ብላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ በአፈሙዙ ውስጥ አሻግራ ትመለከታለች። የጋራዡ በር ወደ ላይ ተከፍቷል። ከበሩ ውጭ ያለው የግጦሽ መሬት ስስ በረዶ ለብሷል፤ ከዚያ ማዶ አጥሩ ላይ፣ ማርላ በማለዳ የቸነከረችው ካርቶን ይታያል። ካርቶኑ መሀል የብርጭቆ አፍ የምታህል ብርቱካናማ ክብ ተለጥፋለች።

«ባዶ መሆኑን አይተሻል?» አላት።

«ሁለቴ። ዘንጉን ከትቼ ለክቼዋለሁ። አባባ ያስተማረው አንተን ብቻ መሰለህ እንዴ?»

ጠመንጃው ባሩዱንም እርሳሱንም በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ ነው። በኦሃዮ ኮረብታዎች ለእንዲህ ያለ ጠመንጃ ብቻ የሚፈቀደው የአጋዘን አደን የሚከፈተው ገና ካለፈ በኋላ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚገባበት ሰሞን ነው። ዘንድሮ ቅዳሜ ላይ ውሏል። ድዋይት በዚህ ጠመንጃ ሲያድን የኖረው በብረት ማነጣጠሪያው ብቻ ነው፤ መነጽር የሚገጥሙትን ሰዎች «ሶፋ ላይ ተኝታችሁ አድኑ እንግዲህ» እያለ ሲያሾፍባቸው ኖሯል። ሌላውም ጠመንጃ በሚፈቀድበት የኅዳር አደን ላይ ግን አንድ ባለ ትልቅ ቀንድ አጋዘን ጎኑን ሰጥቶት ቆሞ ሳለ ሳተው። ትንሽም አይደለም የሳተው። እርሳሱ ከአጋዘኑ ርቆ የቆመ የግራር ግንድ ላይ ሲሰነቀር ሦስት ሰው አይቷል፤ ወሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሚስቱ ኮኒ ገና ሲደርስ የማነጣጠሪያ መነጽር ገዝታ፣ በቀይ ወረቀት ጠቅልላ ዛፉ ሥር አስቀመጠችለት።

«ዓይንህ አርጅቷል» አለችው ወረቀቱን ሲቀድ። «ክብርህ ባያረጅም።»

መነጽሩን ለመግጠም ወደ ማርላ ቤት መምጣቱ የግድ ነበር። ሞርሳው፣ ውሃ ልኩ፣ ጥቃቅኑ ካቻቢቴ ሁሉ እሷ ዘንድ ነው። በዕድሜ በሁለት ዓመት ታንሰዋለች እንጂ በኢላማ ተኩስ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ በልጧት አያውቅም። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ መስታወት ፋብሪካ ውስጥ ስንጥቅ ፈላጊ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ብርሃን ፊት ቆማ፣ ሌላው ሰው የማያየውን ጭረት ለቅማ ስታወጣ ኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ብቸኝነቱ ግን ምላሷን አላደነዘዘውም።

«ና እይ» አለችው ቀና ብላ። «ክቧ መሀል ላይ ናት ወይስ አይደለችም?»

የጠመንጃውን የኋላ ውታፍ ፈትታ አውጥታዋለች፤ አፈሙዙ አሁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ቧንቧ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። በቧንቧው ውስጥ አይቶ ክቧን ልክ መሀል ማስገባት ነው፤ ከዚያ ጠመንጃው ሳይነቃነቅ፣ ከላይ በተገጠመው መነጽር አይቶ፣ ውስጡ ያለው ጥቁር መስቀል በዚያችው ክብ ላይ እስኪያርፍ የመነጽሩን ማስተካከያዎች ማዞር ነው። አፈሙዙና መነጽሩ አንድ ቦታ ሲያዩ የመጀመሪያው ጥይት ቢያንስ ካርቶኑ ላይ ያርፋል፤ ባሩድ በከንቱ አይጨስም።

ድዋይት ጎንበስ አለ። ቀኝ ዓይኑን ወደ ቧንቧው አስጠግቶ ግራውን ጨፈነ።

«ነች … መሰለኝ።»

«መሰለኝ ምን ማለት ነው? ወይ ነች፣ ወይ አይደለችም።»

«ቧንቧሽ እንቁላል ነው የሚመስለው። ክቧም አንድ ጎኗ ተጨፍልቋል።»

ማርላ ሳቀች። «የኔ ቧንቧ? ጠመንጃው ያንተ! እንደሱ ከሆነማ ያ አጋዘን ምን አጠፋ? በእንቁላል እየተኮስክበት!»

«ሳቂ፣ ሳቂ።»

«ክቧ መሀል ናት። እኔ አይቻለሁ። እሱን ተወውና በመነጽሩ እይ፤ መስቀሉ የት ነው ያለው?»

በመነጽሩ አየ። መስቀሉ ከካርቶኑ ወዲያ፣ አጥሩ ላይ ነበር። «ወደ ቀኝ ሄዷል። ከፍም ብሏል» አለ። ማርላ ማስተካከያውን ቀጭ ቀጭ ታደርግ ጀመር፤ እሱ እያየ «ጨምሪ … ጨምሪ … ትንሽ መልሺ» ይላታል። መስቀሉ ቀስ እያለ ወደ ክቧ ተጎተተ። ሊደርስ ሲል ድዋይት ዝም አለ።

«እ? ደረሰ?»

«ይሄ መነጽር ብልሹ ነው።»

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«ከላይ ወደ ታች የሚወርደው መስመር ጎብጧል። መሀሉ ላይ ወደ ግራ ጎበጥ ይልና ከታች ቀጥ ይላል። እንደ ክርን።» ቀና ብሎ አገጩን አሻሸ። «ዕቃው ሲመጣ ወድቆ ይሆናል። ኮኒ ትመልሰው። ምስኪን፣ ተጭበርብራለች።»

ማርላ ገፋ አድርጋው በመነጽሩ አየች። ረጅም ጊዜ ነው ያየችው።

«ቀጥ ያለ ነው» አለች።

«አይደለም።»

«ድዋይት፣ ቀጥ ያለ ነው። እንዲያውም ጥሩ መነጽር ነው፤ ብርሃኑ ግሩም ነው።»

«ዓይን አለኝ እኮ ማርላ!»

«እኔም አለኝ። ያውም ደሞዝ የበላሁበት።»

ሁለቱም እንደገና አዩ። እንደገናም አልተስማሙ። ድዋይት መነጽሩ ራቅና ቀረብ ሲሉበት ሊለያይ ይችላል አለ፤ ማርላ አይለያይም አለች። እሱ የመስታወቱ ጠርዝ ነው አለ፤ እሷ መስመሩ ያለው ጠርዝ ላይ ሳይሆን መሀል ላይ ነው አለች። በመጨረሻ ማርላ አንድ ቃል ሳትናገር ወደ መሣሪያ መደርደሪያው ሄዳ፣ የአባታቸውን ቱንቢ ከነክሩ አውጥታ፣ ካፖርቷን ደርባ ወደ ሜዳው ወጣች። አባታቸው ግንበኛ ነበር፤ በዚህ አካባቢ ስንት የቤት መሠረት በዚያ ቱንቢ ተለክቷል።

ድዋይት በረዶውን እየረገጠች ስትሄድ ከጋራዡ ሆኖ አያት። አጥሩ አጠገብ ካለው ዋልነት ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ክሩን አሰረች፤ ቱንቢው ተወዛወዘና ቆመ። ነፋስ የለም። ክሩ ደማቅ ቢጫ ነበርና በበረዶው ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ተመልሳ መጥታ እጆቿን እያሻሸች ሞርሳውን ትንሽ ላላ አደረገችና መነጽሩ ዛፉን እንዲያይ ጠመንጃውን አዞረች።

«በቃ። ክብደት የተንጠለጠለበት ክር ነው። እሱ ይጎብጣል?»

«አይጎብጥም።»

«የመነጽሩን መስመር ክሩ ላይ አስተኛው። መስመሩ ጎብጦ ከሆነ ከክሩ ሲለይ ታየዋለህ። ከዚያ እኔ ራሴ ከተማ ወስጄ እመልሰዋለሁ፤ ይቅርታም እጠይቅሃለሁ።»

«ይቅርታ ስትጠይቂ ማየት ብቻውን መነጽሩን ያስገዛል» አለ ድዋይት፤ ዝቅ አለ።

ጥቁሩ መስመር በቢጫው ክር ላይ ተኝቶ ነበር፤ አንዱ ከአንዱ አልተለየም። መስመሩ መሀሉ ላይ ወደ ግራ ጎብጧል። ክሩም አብሮት፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን ጎብጧል።

ድዋይት አልተነቃነቀም። ትንፋሹ በመነጽሩ ብረት ላይ ጤዛ ሠራ። ዓይኑን ከመነጽሩ አንስቶ፣ ሜዳውን አሻግሮ፣ ባዶ ዓይኑን ክሩ ላይ ጣለ። በሁለቱም ዓይኑ ሲያይ ክሩ ደህና ይመስላል፤ መሀሉ ላይ ብቻ ትንሽ ይርገበገባል። ቀኙን ጨፈነ፤ ክሩ እንደ ሽቦ ቀጥ አለ። ግራውን ጨፈነ፤ ክሩ ታጠፈ፣ ቱንቢው ራሱ ደግሞ ከነጭራሹ ጠፋ፤ በነበረበት ቦታ ሳሙና የነካው መስታወት የመሰለ ብዥታ ብቻ ቀረ።

መስከረም መጨረሻ ላይ የሚነዳው የተማሪ አውቶቡስ የፊት መስታወት ሞገድ እንዳለው ለመካኒኩ ነግሮት ነበር። መካኒኩ ሁለት ጊዜ አይቶ «ድዋይት፣ ንጹሕ መስታወት ነው» ብሎታል። ያኔ ድዋይት «የዛሬ መካኒክ!» ብሎ አማው። የመታጠቢያ ቤቱ ሸክላዎች መስመራቸውን ሲስቱ ቤቱ እየሰመጠ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ምድር ቤት ወርዶ መሠረቱን በባትሪ ፈትሿል። የመዝሙር መጽሐፉ ሆሄያት ሲዋጡበት አዲሱ ኅትመት ነው ያበላሸው ብሏል። ለእያንዳንዱ ነገር ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቶቹን ሁሉ አንድ ላይ አሰልፎ ግን አይቷቸው አያውቅም።

«እሺ?» አለች ማርላ።

«ልክ ነሽ» አለ። «ቀጥ ያለ ነው። አሁን ታየኝ። ቅድም አቀማመጤ ነው።»

በጣም ቶሎ ነበር ያለው። ድዋይት ተሸንፎ «ልክ ነሽ» ያለበትን ቀን ማርላ ማስታወስ አትችልም፤ ደግሞም አንዱን ዓይኑን ከዚያ ሌላውን ሲጨፍን ከጎኑ ቆማ አይታዋለች። መጣችና ፊት ለፊቱ ቆመች። መዳፏን ግራ ዓይኑ ላይ ደፋችበት፤ እጇ ከበረዶው የመጣ ነበርና ቀዘቀዘው።

«ፊቴን እየኝ።»

«ምን ሆነሻል?»

«እየኝ አልኩህ። ምን ይታይሃል?»

ሽበት የወረረው ፀጉሯ ታየው። አገጯ ታየው፤ አንገቷ ላይ ያለው ሹራብም ታየው። በመካከል ግን ዓይኗና አፍንጫዋ የነበሩበት ቦታ ውሃ ላይ እንደወደቀ ጥላ ይዋልላል። ይበልጥ ለማየት ራሱን ትንሽ ወደ ጎን አዘነበለ። 

«እማዬ እንዲህ ነበር የምታዘነብለው» አለች።

እጇን አወረደች።  እናታቸው በመጨረሻዎቹ ዓመታት የልጆቿን ፊት የምታየው እንደ ዶሮ በጎን ነበር፤ ቀጥታ ስታያቸው ይጠፉባታል። ከመጥፋታቸው በፊት ደግሞ ለማንም ሳትናገር ስንት ጊዜ እንደቆየች ማንም አላወቀም። ለሐኪም ስትነግር ጊዜው አልፏል ተባለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ማርላ።

«እንጃ። መኸር አካባቢ።»

«መኸር! ድዋይት፣ መኸር ላይ?»

«አታውቂም፤ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ይንገረን። ፊሊስን ታውቃታለህ፣ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የምትመታውን? ያው የእማዬ በሽታ ነበራት። ቶሎ ስለሄደች ዓይኗ ውስጥ መርፌ ይወጓታል፤ አሁን መኪናም ትነዳለች፣ ኦርጋንም ትመታለች።»

«ዓይኗ ውስጥ?»

«ያደነዝዙታል እኮ።»

«የኦርጋን አመታቷን ግን አላዳኑትም» አለ ድዋይት። ሊያስቃት ፈልጎ ነበር። እሷ አልሳቀችም፤ ጠመንጃውን ከሞርሳው ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፋ አስተኛችው።

«የገና ዕረፍት አልቆ ሰኞ ትምህርት ቤት ይከፈታል» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው።

«አውቃለሁ።»

«ሰኞ አትነዳም።»

ድዋይት የአሉሚኒየም ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ የተማሪ አውቶቡስ ነጂ ነው። የሱ መስመር ወረዳው ውስጥ ካሉት ሁሉ አስቸጋሪው ነው፤ ሸንተረሩን ተከትሎ ወጥቶ፣ በጠባቡ ድልድይ ወርዶ፣ በሁለት በኩል ገደል ባለው የጠጠር መንገድ ይዞራል። አሁን የሚያመላልሳቸው ልጆች የአንዳንዶቹ ወላጆች ራሳቸው እሱ አውቶቡስ ላይ ያደጉ ናቸው። ነሐሴ ላይ የየዓመቱን ምርመራ አልፏል። እስከሚቀጥለው ነሐሴ የሚመረምረው የለም።

«ኮኒን ረሳሻት?» አለ። ድምፁ ከፍ ብሏል። «ኩላሊቷን የሚያክመው ምንድን ነው? የኔ ሥራ ነው! ኢንሹራንሱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ስልሳ አምስት ሞልቷት የሕክምናዋን ወጪ መንግሥት እስኪረከብ ድረስ መድረስ አለብኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ እዚያ ቀን መድረስ ብቻ ነው።»

«አልረሳኋትም።»

«ግራ ዓይኔ ደህና ነው። በሁለቱም ሳይ ደህና ነኝ። አንድ ቀን ጭረት እንኳ አልደረሰብኝም። ስንት ዘመን ነዳሁ፤ አንድ ልጅ አልተጎዳብኝም!»

«እኔ ለማንም አልናገርም» አለች ማርላ ዞር ብላ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምጿ ግን የተረጋጋ ነበር። «ለኮኒም ቢሆን፣ ለአለቃህ ለራስልም ቢሆን አልደውልም። የራስህ ነገር ነው፤ አንተ ነህ የምትናገረው። ግን ሰኞ ጠዋት ያ አውቶቡስ እዚህ በሬ ላይ ሲቆም መሪው ላይ አንተን ካየሁህ፣ ጎማው ሥር ነው የምተኛው። በደንብ ታውቀኛለህ።»

«አብደሻል።»

«ይሆናል።»

ኮፍያውን ከመደርደሪያው ላይ አንስቶ ወጣ። ጠመንጃውን አልወሰደም። ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ፤ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፈተና በሩን ከሚገባው በላይ አላተመው። ማርላ ከጋራዡ አልወጣችም።

መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ አስፋልቱ አዙራ ቆማለች። ከፊት ለፊቷ ኮረኮንቹ ወርዶ ከዋናው መንገድ ይገናኛል፤ መገናኛው ላይ የማርላ የፖስታ ሳጥን በእንጨት ላይ ቆሟል። ጠዋት ጠዋት የጎረቤቷ የታሊ ልጆች ከዚያ ሳጥን ሥር ነው የሚሳፈሩት። ወንዱ ትልቅ ነው። ትንሿ ኬንዚ የአምስት ዓመት ልጅ ናት፤ አንድ ቀን የእጅ ሹራቧን፣ አንድ ቀን የምሳ ዕቃዋን ሳትጥል መንገዱን አቋርጣ አታውቅም።

ድዋይት ማርሹን ሊያስገባ እጁን ዘረጋና እዚያው ላይ አቆመው።

ትምህርት ቤት ለገና ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ወርደው ነበር፤ ሁለቱም ሲወርዱ አይቷቸዋል። መንገዱን ሲያቋርጡ ደግሞ አንድ ራስ ቆጠረ፤ ሁለተኛውን የቆጠረ መሰለው። ፍሬኑን ለቀቀ። በዚህ መሀል የኬንዚ ወንድም ከመንገዱ ማዶ ሮጦ ተመልሶ የአውቶቡሱን አፍንጫ በሁለት እጁ ይደበድብ ጀመር፤ አፉ ተከፍቷል፣ የሚለው በመስታወቱ አይሰማም። ኬንዚ ከጎማው ፊት ካለችው ጥግ ቀና አለች፤ እጇ የወደቀባትን የእጅ ሹራብ ይዟል። ድዋይት መስኮቱን ከፍቶ «የኔ ልጅ፣ ሁልጊዜ በማይህ ቦታ ነው የምትቆመው!» ብሎ በወንዱ ላይ ጮኸበት፤ ወንዱ ምንም ያላጠፋ ልጅ። ከዚያ «ልጅቷ በጣም አጭር ናት፤ ማንም አያያትም» ብሎ ለራሱ ነገረው። ለኮኒ ግን አልነገራትም። ራት ላይ ስለ ሌላ ነገር አወራ።

አሁን ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ የፖስታ ሳጥኑን አየ። እንጨቱ ከመሬት ተነሥቶ ይወጣል። ከላይ ቀዩ ባንዲራ ጫፉ ይታያል። መሀል ላይ ሳጥኑ የለም።

መዳፉን አነሳ፤ ሳጥኑ ተመለሰ። ሸፈነ፤ ሄደ። ሞተሩን አጠፋ። ጸጥታው ሲመጣ የማሞቂያው ነፋስ ያቀለጠው የበረዶ ውሃ ከመስታወቱ ላይ ሲንጠባጠብ ሰማው። ማልቀስ የሚፈልግ መስሎት ነበር፤ አላለቀሰም። እንዲያውም የሆነ ነገር ከትከሻው ላይ የወረደለት ይመስል ነበር፤ ለወራት ምክንያት ሲፈልግ የነበረው ሰው ደክሞት ኖሯል።

ሲገባ ማርላ ወጥ ቤት ነበረች። የባቄላ ሾርባዋ ምድጃው ላይ ይንተከተካል፤ የበቆሎ ዳቦውን ትቆርጣለች። ቀና ብላ አየችው። ሳህን ብቻ ጨመረች።

«ሐኪሙ ጋ ማን ነው የሚደውለው?» አለ ቆሞ።

«ደውያለሁ» አለች። «ቆጣ ብለህ ስትወጣ። የፊሊስ ሐኪም ጋ፣ ማሪዬታ ከተማ። እንዲህ ያለ ነገር አይቆይም አሉ፤ ነገ ጠዋት አምጪው ብለውኛል።»

«አልናገርም አላልሽም ነበር?»

«ለኮኒና ለራስል ነው ያልኩት። ስለ ሐኪም ቃል አልገባሁም።»

ሳይፈልግ ሳቀ። ኮፍያውን አውልቆ ወንበር ሳበ። ከተቀመጠ በኋላ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው፤ ሾርባውን ቀመሰ፤ ማንኪያውን መልሶ አስቀመጠ።

«ሳልበላ ልጨርሰው» አለ።

ራስል የወረዳው አውቶቡሶች ኃላፊ ነው። ድምፁ ከስልኩ ጮክ ብሎ ስለሚወጣ ማርላም ሰማችው። «ድዋይት! መልካም አዲስ ዓመት! አጋዘኖቹ በሰላም እየኖሩ ነው አሉ፣ አንተ እያለህ!»

«ራስል፣ ሰኞ ለኔ መስመር ሰው ፈልግ።»

«ታመምክ እንዴ?»

«ቀኝ ዓይኔ ነው። መሀሉ አያይልኝም። ነገ ሐኪም ጋ ነኝ። ቀደም ብዬ ልነግርህ ይገባ ነበር። ባለፈው የታሊን ትንሿን ልጅ … ስመጣ በቃሌ እነግርሃለሁ። ምንም አልደረሰባትም።»

 ራስል ቀስ ብሎ፣ «ደግ አደረግክ የነገርከኝ» አለ። «እስከ መቼ ነው?»

«አላውቅም።»

«የኮኒ ኢንሹራንስስ?»

«እሱን ነው የምፈራው።»

«ስማኝ፣ አሁን ቃል አልገባልህም። ግን አንተ በዚህ ሁሉ ዘመን የሕመም ፈቃድ ወስደህ አታውቅም፤ የተጠራቀመ ብዙ አለህ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ና፤ ቁጭ ብለን እናየዋለን።» ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማ። «አሁን ጭንቁ መስመሩ ነው። ያለኝ ተጠባባቂ ያቺ አዲሷ፣ ትሪሽ ናት። ጎበዝ ናት፤ ግን ሸንተረሩን ነድታው አታውቅም። በዚህ በረዶ! ድልድዩን እንዴት ብዬ በወረቀት ላስረዳት?»

ድዋይት በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ወደ መንገዱ መውረጃው ይታያል። ዓይኑን ሳይጨፍን፣ ራሱን ሳያዘነብል፣ ሁለቱንም ከፍቶ አየው። ማርላ ማንኪያዋን ይዛ ትጠብቃለች።

«በወረቀት አይሆንም» አለ። «የመጀመሪያው ልጅ ከመነሳቱ በፊት የአውቶቡስ ማቆሚያው ጋ እገኛለሁ፤ ማርላ ታደርሰኛለች። ለትሪሽ ንገራት፣ ከጀርባዋ ያለችውን ወንበር ትተውልኝ። እየነዳች ቤት ቤቱን እነግራታለሁ። የትኛው ልጅ እንደሚዘገይ፣ የትኛው ጋ ጥሩምባ እንደማይነፋ፣ ማን ዕቃ እየጣለ እንደሚጎነበስ። እስክትለምደው ድረስ እሳፈራለሁ።»

«አውቶቡስ ላይ ተሳፋሪ? አንተ?» አለ ራስል።

«እኔ» አለ ድዋይት። ስልኩን ዘጋና ለእህቱ የፒክአፑን ቁልፍ በጠረጴዛው ላይ ገፋላት። «በይ፣ እንብላና ቤት ውሰጂኝ። ለኮኒ መንገሩ ነው የቀረኝ።»